የተዘቀዘቀች ሰዓት

ከደረቷ በግራ፣ ከነጩ ጋዋን ላይ፣
ያኔ በልጅ ቁመት ቀና ብዬ ሳይ፣
ዘቅዝቃ የሰካቻት ሰዓት ነበረች፣
ለኛ ተገልብጣ ለሷ ቀጥ ያለች።
ልጅ ነኝና ሞኝ፣ ጠየቅኋት አንድ ቀን፣
«ኦማ፣ ይቺ ሰዓት ተበላሽታ ይሆን?»
ሳቅ ብላ መለሰች ቁልቁል እያየች፣
«አንቺ ነሽ የዞርሽው፣ እሷስ ቀጥ ብላለች፤
የልብ ምት ሲቆጠር፣ ጣት ደም ሥር ላይ ሲያርፍ፣
ሰዓት ለሚቆጥር ነው፣ አይደለም ለሚያልፍ።»

ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ አንዲት ሻንጣ ይዛ፣
ላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ ወረደች ደንዝዛ።
«ሁለት ዓመት ብቻ፤ ተምሬ ልመለስ»
ብላ ነው የወጣች፣ ታናሿ ሲያለቅስ።
ሁለቱ ዓመት አብጦ አርባ ሰባት ሆነ።

ግንቡ ሊፈርስ ሲል፣ ዘመን ሲለወጥ፣
አገሩ በሌሊት ስሙን ሲገለብጥ፣
ሰው ሁሉ አደባባይ ሻማ ይዞ ሲቆም፣
ተረኛ ነበረች። የአንድ ሽማግሌን ደም
በጥጥ ትጠርጋለች፣ መስኮቱን ዘግታ፤
«ታሪክ አመለጠሽ» ሲሏት በጨዋታ፣
«ሰውዬው ግን ዳነ» ትል ነበር ረግታ።

እዚህ አገር ነርስን «ሽቬስተር» ነው የሚሏት፣
እህት ማለት ነው፤ እኛም ቤት «ሲስተር» ናት።
ትርንጎ ማለቱ አፋቸው ቢያቅተው፣
እህትነቷን ያዙ፣ ስሟን ለኛ ትተው።
«ይቺ ጥቁር እጅ አትንካኝ» ያለች ሴት፣
በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሿ ሲያጥራት፣
ያንኑ እጅ ይዛ አልለቅም አለች፣
ጎህ እስኪቀድ ድረስ «እህቴ» እያለች።
ኦማ ይህን ስታወራ አልኮራችበትም፤
«ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር» ከማለት አላለፈችም።

ቤት ውስጥ ግን ገር ናት ብዬ አልዋሽባትም፦
ትኩሳት ከሌለህ ከትምህርት አትቀርም፤
ጥፍር ሳትመረምር ሾርባ አትቀዳም፤
«ሆዴን» ብሎ ያለቀሰን በጣቷ ዳብሳ፣ ጫን ጫን አድርጋ፣
«ይሄ ሆድ ሒሳብ ነው» ትላለች ሕመሙን ፈልጋ።

በሞተች በሳምንቱ መሳቢያዋን ከፈትን።
ከፋሻው፣ ከመቀሱ፣ ከቆዩ ደረሰኞች ሥር
አንዲት ደብዳቤ፤ የልጅ እጅ ጽሑፍ፤
ሰኔ ሰባ አንድ።
«ይድረስ ለእህቴ ለትርንጎ።
ቁመቴ ጨምሯል። ስትመጪ አታውቂኝም ብዬ ፈራሁ።
በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅሽ። መቼ ነው?»
ስሙ ዘርጋው ነው።
ሁለተኛ ደብዳቤ የለም።
እናቴ፣ የገዛ ልጇ፣ ስሙን ያን ቀን ሰማች።

አንድ ከተማ ሙሉ እህቴ ሲላት ኖሮ፣
አንድ አፍ ናፍቃ ነበር፣ አንድ የልጅ ጉሮሮ።
ለካ የሌሊት ተራ ለምና የምትወስደው
ማንም፣ የማንም ወንድም፣
ብቻውን እንዳይሞት ነው።

የቀብሯ ዕለት ያካፋ ነበር።
አባ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣
አንድ የድሮ የትራም ሾፌር ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።
በምርኩዙ ቀረብ አለና ጭብጥ አፈር ጣለ፤
አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።
«ምን አለ?» አሉኝ እናቶች።
አልተረጎምኩላቸውም፤ የሚያውቁት ቃል ነው።

ግሩናው፣ አራተኛው ፎቅ። ስሟ በሩ ላይ አለ፤
ፖስተኛው ዛሬም ደወለ።
ሰዓቷን ማለዳ ከቀሚሴ ሰካሁ፣
አገጬን ደፍቼ ቁልቁል ወደሷ አየሁ፤
ቀጥ ብላለች።
ሦስት ደቂቃ ብቻ ወደ ኋላ ቀርታለች።
አላስተካከልኳትም።
ሦስት ደቂቃ ምን አላት፤
በር ላይ የቆመ ልጅ ከዚያ በላይ ጠብቋል።